ጅራቱ ላይ ያለው ሰው ስንት ይበላል? «ስኖውፒርሰር» ለምን እስካሁን ያጨቃጭቃል

ፊልሙ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። «ስኖውፒርሰር»ን ያዩ ሰዎች አንድ ላይ ከተቀመጡ ግን ጭቅጭቁ አሁንም አይቀርም። አንዱ «ድሃና ሀብታምን እንደዚህ አድርጎ ያሳየ ፊልም የለም» ይላል። ሌላው «ኧረ ተወኝ! ነዳጅ ሳይቀዳ 17 ዓመት የሚሄድ ባቡር?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ይኼን ሁሉ ሰው ጨርሶ ምን አተረፈ?» ብሎ ተነስቶ ይሄዳል። እናንተ ከየትኛው ወገን ናችሁ? ያላያችሁት ካላችሁ፣ መጨረሻውን ስለምናገር መጀመሪያ አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በደቡብ ኮሪያዊው ቦንግ ጁን ሆ የተሠራው ይህ ፊልም በ2013 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው በ1982 የታተመ የፈረንሳይኛ የሥዕል ልብወለድ ነው። የምድርን ሙቀት ለመቀነስ ሰማይ ላይ ኬሚካል ይረጫል፤ ከልክ አልፎ ምድርን ሁሉ በረዶ ያደርጋታል። የተረፈው ሰው አንድ ባቡር ውስጥ ነው። ከፊት ያሉት ሱሺ ይበላሉ፣ ሳውና ይገባሉ፤ ከኋላ ጅራቱ ላይ ያሉት እንደ ሳሙና የተቆረጠ ጥቁር ነገር እየታደላቸው ይኖራሉ። ከዚያ ጅራቱ ይነሳል፣ ፉርጎ በፉርጎ እየሰበረ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የአሜሪካው አከፋፋይ 20 ደቂቃ ያህል ይቆረጥ ብሎ ነበር። ዳይሬክተሩ እምቢ አለ፤ ፊልሙም ሳይቆረጥ፣ ግን መጀመሪያ በስምንት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ታየ።

በሳይንሱ የሚያማርሩትን እናስቀድም፤ እውነት አላቸውና። ኬሚካሉ ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም። በሰኔ 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሚሊዮኖች ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ስትራቶስፌር ረጨ፤ የዓለም አማካይ ሙቀትም ግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ወረደ። እኛም ጎረቤት አለን፤ በ2011 ኤርትራ ውስጥ የፈነዳው ናብሮ ብዙ ሰልፈር ከላከው ውስጥ ነው። ግን ይህ ጭጋግ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ረግፎ ያልቃል። 17 ዓመት ሙሉ ምድርን የሚያደርቅ ብርድ ከዚህ አይመጣም።

ባቡሩስ? ትምህርት ቤት ፉርጎ ውስጥ ለልጆቹ የሐዲዱ ርዝመት 438,000 ኪሎ ሜትር እንደሆነና በዓመት አንዴ እንደሚዞር ይነገራቸዋል። ካልኩሌተር አውጡና ለ8,760 ሰዓት አካፍሉት፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይመጣል። አዳማን አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የኛ የኤሌክትሪክ ባቡር እንኳ ከዚህ በእጥፍ እንዲፈጥን ተደርጎ ነው የተሠራው። ፍጥነቱ እንግዲህ ችግር የለበትም። ችግሩ ሞተሩ ነው። «ዘላለማዊ» ይሉታል። ሰበቃ እያለ፣ አየር እየገፋው፣ ሙቀቱ ወደ ውጭው ብርድ እየወጣ፣ ምንም ሳይጨመርበት የሚሄድ ሞተር የለም። ቴርሞዳይናሚክስ እዚህ ላይ ድርድር አያውቅም።

እዚህ ድረስ ተስማማን። ግን አብዛኛው ተቺ የሚያቆመው እዚሁ ነው፤ እኔ ደግሞ ዋናው ነገር ከዚህ የሚጀምር ይመስለኛል። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሞተሩ ወለል ሲነሳ ምን ይታያል? ቲሚ የሚባለው የጅራቱ ልጅ። አንድ መለዋወጫ ዕቃ ካለቀ ቆይቷል፤ በእሱ ቦታ የትንሽ ልጅ እጅ ገብቶ ይሠራል። «ዘላለማዊ» የሚለው ቃል ውሸት መሆኑን ፊልሙ ራሱ ያውቃል ማለት ነው። ኃይል ከየትም አይመጣም፤ አንድ ሰው ይከፍላል፣ የሚከፍለውም ወለል ስር ስለሆነ አይታይም። «ፊዚክሱ ስህተት ነው» የምትሉ፣ ስህተቱን የሚናገረው ሞተሩን የሠራው ሰውዬ እንጂ ፊልሙ አይደለም።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ፊልሞች ሁሉ አባት በሚባለው «ሜትሮፖሊስ» ላይም ተነስቷል። በ1927 በርሊን ሲታይ፣ ሀብታሞቹ ከላይ ሕንፃ ላይ፣ ሠራተኞቹ ከምድር በታች የሚኖሩበትን ከተማ አሳየ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በዚያው ዓመት በጋዜጣ ክፉኛ ዘለፈው። ማሽን የሰውን ልፋት ይቀንሳል እንጂ እንዲህ ባሪያ አያደርግም የሚል ነበር መከራከሪያው። ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግም ኋላ ላይ የፊልሙን ማሳረጊያ እንደማይወደው ተናግሯል። ፊልሙ ግን እስካሁን ይታያል። ለነገሩ ዌልስ ስለ ማሽኑ እንጂ ማሽኑ የማን እንደሆነ ብዙም አልጠየቀም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። የባቡሩ ባለቤት ዊልፎርድ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ስቴክ እየጠበሰ ረጋ ብሎ ሒሳብ ያስረዳል። ባቡሩ ዝግ ሥርዓት ነው፣ ምግቡ ውሱን ነው፣ ሰው ሲበዛ መቀነስ አለበት፤ አመፁም ቢሆን ለመቀነሻ ታቅዶ የተፈቀደ ነው። ብዙ ተመልካች እዚህ ላይ ይረታል። «ጨካኝ ነው፣ ግን ሒሳቡ ልክ ነው» ይላሉ።

ልክ ነው እንዴ? እስቲ የባዮሎጂ ደብተራችሁን ግለጡ። በምግብ ሰንሰለት አንድ ደረጃ በወጣችሁ ቁጥር ከታች ካለው ኃይል ወደ ላይ የሚያልፈው በግምት አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። የሣሩ ኃይል በሬው ዘንድ ሲደርስ አብዛኛው ባክኗል፤ ትልልቅ ዓሣዎችን የሚበላ ደግሞ ከዚያም በላይ ያባክናል። የጅራቱ ጥቁር ምግብ ምን እንደሆነ ስታዩ አንጀታችሁ ይገለበጣል፤ በረሮ ነው። ግን ነፍሳት ሰውነታቸውን ለማሞቅ ኃይል አያቃጥሉም፤ ስለዚህ የበሉትን ከበሬ በተሻለ ወደ ሥጋ ይለውጣሉ። በኃይል ሒሳብ፣ ጅራቱ ላይ ያለው ሰው በባቡሩ ላይ ከሁሉም ያነሰ ሸክም ነው። ከፊት አንድ ሰው ስቴክ ሲበላ ከኋላ ብዙ ሰው ሊያጠግብ የሚችል ኃይል ጠፍቷል። ዊልፎርድ የቆጠረው አፍን ነው፤ ሳህንን አልቆጠረም። «74 ከመቶ ይሞታሉ» ተብሎ ሲታወጅም ከሳውናው ፉርጎ ማንም አይነካም።

ሁለተኛው ቁልፍ ውሃ ነው። አመፀኞቹ መጀመሪያ ለመያዝ ያሰቡት የጦር መሣሪያ ክፍሉን ሳይሆን የውሃውን ፉርጎ ነበር፤ ውሃው ደግሞ የሚገባው በባቡሩ አፍ በኩል ነው። ይኼን አቦምሳ ያላችሁ ከማንም በላይ የምትረዱት ይመስለኛል። ከከተማችሁ ወደ ቆላው ብትወርዱ አዋሽ አለ፤ መርቲ ማርማላታ የምንለው የሚመጣበት የመርቲ እርሻ፣ የኑራ ኤራ ፍራፍሬ፣ ሁሉም የሚጠጡት ከእሱ ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከግንጪ አካባቢ ተነስቶ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ዝግ ሥርዓት ነው፤ ራስ አለው፣ ጅራት አለው። ከላይ የተቀዳው ታች አይደርስም። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የወንዙ ዳርቻ ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ሲሰጥ፣ የአፋር አርብቶ አደሮች በበጋ ከብታቸውን ይዘው የሚጠጉበትን ግጦሽ አጡ፤ በ1973ቱ ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት መካከልም እነሱ ነበሩ። «ዝናብ ጠፋ» ማለት ይቻላል፣ ውሸትም አይደለም። ግን ቦዩ ወዴት እንደሚሄድ ያላየ ሰው የድርቁን ሒሳብ ግማሹን ነው ያየው።

ውሃ ደግሞ መጠኑ ብቻ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ያደገ የበለዘ ጥርስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የሚወጣ ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፣ ብዙ ጉድጓዶቻችን ግን ይህን እጥፍ ድርብ አድርገው ያልፋሉ። ወንጂ ስኳር እርሻ ላይ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች አጥንታቸው ደድሮ፣ ጀርባቸው ጎብጦ ተገኝተዋል። ስኳሩን ግን ሁላችንም በላነው።

ለዚህም ነው ፊልሙን የምወቅስበት ነገር ያለኝ፤ የሚያወድሱትም ሲያነሱት አልሰማሁም። ጅራቱ አይሠራም! ተኝቶ ይታደለዋል፣ አንዳንዴ ልጅ ወይም ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ይወሰድበታል፣ በቃ። እውነተኛው የመደብ ጠብ ግን እንዲህ አይደለም። ሸንኮራውን የሚቆርጠው፣ ቲማቲሙን የሚለቅመው ታች ያለው ሰው ነው፤ ሥራ ቢያቆም ባቡሩ ይቆማል። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ያያችሁ ልዩነቱ ይገባችኋል። እዚያ ገበሬው ሲያርስ፣ ልጆቹ ከብት ሲያግዱ ካሜራው እስኪሰለቸን ድረስ አብሮ ይቆያል፤ ባለመሬቱ ተቀምጦ ይሳደባል። መሰልቸቱ ራሱ ይናገራል። «ስኖውፒርሰር» ለዚህ ትዕግሥት የለውም፤ መጥረቢያና ደም ይቀናዋል።

መጨረሻውስ? ባቡሩ ተገልብጦ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያልቃል። የቀሩት ሁለት ልጆች በረዶው ላይ ወጥተው የዋልታ ድብ ያያሉ። «ይበላቸዋል፣ አለቀ» የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ግን ድቡን እንደ ባዮሎጂ ተማሪ እዩት። ድብ ካለ ሲል የምትባለው የባሕር እንስሳ አለች፤ እሷ ካለች ዓሣ አለ፤ ዓሣ ካለ ከበረዶው ስር ብርሃን የሚያገኝ አልጌ አለ። አንድ ድብ ብቻውን አይኖርም፣ ሰንሰለቱን ሙሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

ይኼን አስቀድሞ የጠረጠረው ደግሞ ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ አንድ ሰው ነው፤ በሮቹን የሚከፍተው፣ ሱሰኛ ነው ብለው የሚንቁት ናምጉንግ። በየዓመቱ ባቡሩ አንድ ቦታ ሲያልፍ በመስኮት የተቀበረ አውሮፕላን ያያል፤ በረዶው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መሆኑን በዚያ ይለካል። ሌሎቹ ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ ሲሉ፣ እሱ የጎን በሩን ነበር የሚያየው።