«ቀላል» ለማን?

ስለ እግር ጉዞ የሚጻፉ አጫጭር መምሪያዎችን ማንበብ እወዳለሁ። ሌላው ሰው ማታ ማታ ተከታታይ ድራማ ያያል፤ እኔ ሄጄባቸው የማላውቃቸውን፣ ምናልባትም የማልሄድባቸውን የተራራ መንገዶች መግለጫ አነባለሁ። ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፤ ጥሩ መምሪያ በደንብ የተጻፈ ኮድ ይመስለኛል። መነሻ፣ መድረሻ፣ ርቀት፣ ስንት ሜትር ሽቅብ፣ ስንት ሰዓት። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ቃል፦ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ»። ማንም እንደ ሥነ ጽሑፍ አይቆጥረውም። እኔ ግን ዛሬ እንደ ሥነ ጽሑፍ ልሂሰው ነው፤ የምሂሰው ጽሑፍም የራሴ ነው።

መጀመሪያ ቅርጹ በትክክል ሲሠራ ያየሁበትን ቦታ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ለሥራ ጀርመን ሄጄ አንድ ቅዳሜ ሃይድልበርግ ላይ ነፃ ቀን አገኘሁ። ከወንዙ ማዶ ሃይሊገንበርግ የሚባል ተራራ አለ። ስሙ «ቅዱስ ተራራ» ማለት ነው፤ ከፍታው 440 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለጋይንት ሰው ጉብታ ነው። ጫፉ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ገዳም ፍርስራሽ አለ፤ ገዳሙ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ መነኩሴ የለበትም። ከተራራው ሥር ወደ ሰሜን በሚሄደው ሸንተረር ላይ ወይን ይለማል። ስልኬ «ቀላል» አለኝ፣ እውነትም ቀላል ነበር። ወጣሁ፣ ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብዬ ሳንድዊቼን በላሁ፣ ወረድኩ፣ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጣሁ። መምሪያው በአንድም ነገር አልዋሸኝም።

ችግሩ የመጣው ያንኑ ቅርጽ ይዤ ወደ አገር ቤት ስመለስ ነው። ተራራ አለን፣ የቆየ ድንጋይ አለን፣ መንገድ አለን፤ ታዲያ ለምን አንጽፍም አልኩ። በ2011፣ የአምስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለሁ፣ ከአጎቴ ጋር ጋይንት ውስጥ ወዳለችው ቤተ ልሔም በእግር ሄደን ነበር። ስልኬ የሄድንበትን መንገድ በጂፒኤስ መዝግቦታል። ያንን መስመር አውጥቼ፣ ሁሉም ሰው በነፃ በሚያርመው በኦፕን ስትሪት ማፕ ካርታ ላይ ላሠፍረው፣ መግለጫውን ደግሞ የእግር መንገዶች በሚሰበሰቡበት አንድ አፕ ላይ ልጭነው አሰብኩ። የጻፍኩት ይሄ ነው፦

«ቀላል የግማሽ ቀን ጉዞ። በገጠር መንደሮች መካከል አልፎ፣ የጥንታዊ ገዳም ፍርስራሾችን እያሳየ፣ በሣር ጣሪያ ሥር ወደተደበቀ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል።»

አያምርም? እኔ በጣም አምሮኝ ነበር። ለአጎቴ አነበብኩለት።

አጎቴ በልጅነቱ ከጎጃም ተነስቶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ አራት ቀን በእግሩ ሄዶ ቤተ ልሔም የገባ የቆሎ ተማሪ ነበር። ለማታውቁ፦ ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የቅዱስ ያሬድን ድጓ በሌላ ቦታ የተማረ ሰው በመጨረሻ እዚያ ሄዶ ካላስመሰከረ ሙሉ የድጓ መምህር አይባልም ይባላል። ከዜማ ስልቶች አንዱ ራሱ «የቤተ ልሔም» ተብሎ ነው የሚጠራው። አጎቴ መግለጫዬን ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ «እስቲ ድገምልኝ» አለኝ። ደገምኩለት።

«ቀላል ያልከው ለማን ነው?» አለ።

«ለሚሄደው ሰው ነዋ ጋሼ።»

«እሱማ ገባኝ። ማነው የሚሄደው?»

መልስ አልነበረኝም። ይሄ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ከዚያች ሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቃል መርጬ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።

«ቀላል» እንጀምር። አፑ ይህን ቃል የሚያወጣው በቀመር ነው፤ ርቀትና ሽቅብ ይገባል፣ አንድ ቃል ይወጣል። ቀመሩ ውስጥ የማይገባው ተጓዡ የያዘው ስንቅ ነው። እኔ በ2011 ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ብስኩትና ሁለት ሊትር ውኃ ነበረ። አጎቴ በዚያው መንገድ ሲመላለስ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ተሸክሞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምን ነበር፤ ውሻ እየተከተለው። የመንገዱ ሽቅብ ለሁለታችንም እኩል ነው፣ መንገዱ ግን አንድ አይደለም። ማለቴ የተማሪውን ረሃብ የጉዞ ማጣፈጫ እናድርገው አይደለም፤ አጎቴም ረሃቡን ሲያቆለጳጵስ ሰምቼው አላውቅም። «ቀላል» የሚለው ቃል ግን መንገዱን የሚለካ መስሎ የሚለካው አንባቢውን ነው። በውስጡ አንድ የተወሰነ ሰው ታስቧል፦ የጠገበ፣ ጫማ ያደረገ፣ ማታ የሚመለስበት ያለው።

ሁለተኛው ቃል «ፍርስራሽ» ነው። በዚህኛው ነው የማፍረው። ከመንገዱ ዳር ጣሪያቸው የወረደ፣ ግድግዳቸው የተዘመመ ትናንሽ ጎጆዎች አይቼ ፎቶ አንስቼ ነበር። ምን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። መግለጫውን ስጽፍ ፎቶዎቹን አይቼ «የጥንታዊ ገዳም ፍርስራሾች» አልኳቸው፤ ቅርጹ እዚያ ቦታ ላይ ፍርስራሽ ይፈልግ ስለነበር።

አጎቴ ሳቀብኝ። «እነሱ የተማሪ ጎጆ ናቸው። ተማሪው ራሱ ነው የሚሠራው፤ ሲሄድ ይፈርሳል። የሚቀጥለው መጥቶ በዚያው እንጨት ይሠራዋል።»

«ተመርቆ ሲሄድ?»

«ተመርቆም ይሄዳል። ርቦትም ይሄዳል።»

የሱ ጎጆ የፈረሰችው በ1977 ነው። በዚያ ዓመት የሚለመነው ገበሬ ራሱ የሚበላው አልነበረውም፤ ተማሪው ተበተነ። አጎቴ ድጓውን በእጁ ጽፎ ለመጨረስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አላስመሰከረም። ይሄን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። አብሬው ግማሽ ቀን ስሄድ እንኳ ጂፒኤሱ መሥራቱን እያየሁ እንጂ እሱን እየጠየቅኩ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ቅርጹ አንድ ነገር ይገለጣል። ሃይድልበርግ ላይ «ፍርስራሽ» እውነት ነው፤ መነኮሳቱ የሉም፣ የሚከፋው ሰው የለም። የመምሪያ ቋንቋ የተሠራው ለእንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ነው። ሰው ያለበት ቦታ ሲገጥመው ወይ ሰውየውን «የአካባቢ ቀለም» ያደርገዋል፣ ወይ ቦታውን ባዶ አድርጎ ይጽፈዋል። ይህ ደግሞ የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ከዚያ ወጣ። በመካከሉ፣ በ2016፣ ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የጊች ሰዎች ተነስተው ወደ ደባርቅ ሄዱ። ለዋልያው ሲባል ተገቢ ነበር የሚል አለ፣ አልነበረም የሚልም አለ፤ ያንን ክርክር እዚህ አልፈታውም። ጊችን «ውብ የካምፕ ቦታ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መምሪያ ሲገጥመኝ ግን አሁን ቆም እላለሁ። እኔም በአቅሜ አንድ መንደር ተማሪ በአንድ ቃል አንስቼ ነበር።

ሦስተኛው ቃል «የተደበቀ» ነው። ይሄኛው የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ወርሼው ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከናም የሚባል፣ ገና ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1959 «የራሴላስ ተራሮች» የሚል የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። ቤተ ልሔምን ለውጭው አንባቢ ያስተዋወቀው እሱ ነው፦ ከውጭ ሲታይ ተራ ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን። ትዕይንቱ ድንቅ ነው፤ ማንም ጸሐፊ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው ይጽፈዋል። እኔም በሩን አልፌ ስገባ ደንግጫለሁ።

የመጽሐፉን ርዕስ ግን ልብ በሉ። ራሴላስ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759፣ ማለትም ልክ 200 ዓመት ቀድሞ፣ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ያለ የአቢሲንያ ልዑል ነው። ጆንሰን አገራችንን ረግጦ አያውቅም። ፓከናም የመጣው መሳፍንት የሚታሰሩባቸውን አምባዎች ፍለጋ ነው፤ በእጁ የያዘው ካርታ ልብ ወለድ ነበር ማለት ይቻላል። እሱ ይህን አልደበቀም፣ ርዕሱ ላይ ጽፎታል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ከሱ በኋላ የመጡት አጫጭር መግለጫዎች ግን ርዕሱን ጥለው አንድ ግስ ብቻ ያዙ፦ «አገኘው»። ቤተ ክርስቲያኑን «ያገኘው» ፓከናም ነው ይላሉ። እንግዲህ «ተገኘ» ካልን ከዚያ በፊት «ተደብቆ» መሆን አለበት፤ የኔም ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ከማን ነው የተደበቀው? በየዓመቱ ከየአገሩ ተማሪ በእግሩ የሚጎርፍበት ቦታ እንዴት ነው ተደብቆ የሚኖረው? ሣሩ ድንጋዩን ከዝናብ ይጋርደዋል እንጂ ከሰው አልሸሸገውም።

ከዚህም በላይ፣ «የተደበቀ» ብለን ስንጽፍ አንባቢውን የምንልከው ዓይኑን ይዞ እንዲሄድ ነው። ቤተ ልሔም ደግሞ በጆሮ የሚኬድባት ቦታ ናት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ድርስ፣ አንብር፤ አሥሩ የዜማ ምልክቶች ከፊደሉ በላይ በጥቃቅን ሰፍረው፣ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚሰበር ይነግራሉ። ይሄም እኮ የመንገድ መምሪያ ነው! ልዩነቱ ማንም ለብቻው ይዞት የማይሄድ መሆኑ ነው። ምልክቱን አይተህ አታዜመውም፤ መጀመሪያ ከመምህሩ አፍ ትሰማለህ፣ ምልክቱ ያስታውስሃል። ያለ የኔታ የማይከፈት ፋይል በሉት።

ወይኑስ? ቅርጹ ሲያልቅ ወይን ይፈልጋል፣ እኔም ፈልጌ አጣሁ። በደቡብ ጎንደር ወይን የታወቀው ወደ ጣና በኩል ባለችው በይፋግ ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች በወይን ተክሏ ያነሷት ነበር። ዛሬ የጠርሙስ ወይን እርሻ ማየት የፈለገ ወደ ዝዋይ ነው የሚሄደው። ለአጎቴ ይህን ስነግረው ግን «ቤተ ልሔም እያልክ ወይን አጣሁ ትላለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በስተምሥራቅ ያለችው፣ ለቅዳሴ ኅብስቱና ወይኑ የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ስሟ ቤተ ልሔም ነው፤ የእንጀራ ቤት። ወይኑም ከዘቢብ ነው፤ የደረቀው ፍሬ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል። ወይን በማይበቅልበት ደጋ ወይን እንዲህ ይገኛል። ብርጭቆ ይዞ የሚጠብቅ ጎብኚ ግን አያገኘውም፤ ለሱ የተዘጋጀ ስላልሆነ።

ታዲያ አንጻፍ? እንደሱ አልልም። አጠገባችን መቄት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው እንግዳ ተቀብለው፣ አብልተው፣ በገደሉ ጫፍ ከመንደር መንደር እየመሩ የሚያስኬዱበት አሠራር ተጀምሮ ነበር። ጉዞው አያደክምም፣ ገቢው ለመንደሩ ነው፣ መንገደኛውም የማን ቤት እንደሚያድር ያውቃል። እዚያ «ቀላል» ቢባል የሚለው ሰው ይታወቃል፤ ከፊትህ የሚሄደው ባለአገር ነው። ጥሩ መምሪያ ለኔ ይሄ ነው፦ ማን እንደሚናገር፣ መንገዱም የማን እንደሆነ የማይደብቅ። እውነት እንነጋገር ከተባለ ደግሞ፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት አለ። ተማሪውም፣ ገበሬውም፣ ሾፌሩም መንገድ ከመውጣቱ በፊት ደውሎ በሚጠይቅበት አገር «ቀላል» ብሎ ካርታ ላይ መለጠፍ የአጻጻፍ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ሰው ያስጎዳል።

መግለጫውን እንደገና ጽፌዋለሁ። አሁን እንዲህ ይላል፦ «የድጓ ተማሪዎች የሚሄዱበት መንገድ። ከዳር ያሉት ጎጆዎች የተማሪ ናቸው፤ ሰው ካለባቸው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። አኩፋዳ የያዘ ልጅ ካገኛችሁ ከስንቃችሁ አካፍሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ ሰላሙ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።» አጎቴ ሰምቶት «ይሁን» አለ፤ ከሱ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አፑ ላይ ግን አልተጫነም። «የመንገዱ ክብደት» የምትለዋ ሳጥን ግዴታ ነች፤ ከሦስቱ አንዱን ካልመረጥኩ ሴቭ አያደርግልኝም። እንዲህ ዓይነት ሳጥን እኔም በሥራዬ ስንቴ ግዴታ አድርጌያለሁ፤ ዳታው ንጹሕ እንዲሆን ብዬ። ረቂቁ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ፣ ሳጥኗም ባዶ ናት።