ሰረሰርና ዑደተ ደም

መቀሌ ከአፄ ዮሐንስ ፬ኛ ቤተ መንግሥት ጀምሮ በድንጋይ የታነጸች ከተማ ስለ ሆነች፣ ድንጋይ የሚጠርቡላትና የሚሸከሙላት፣ ከአፋር በረሓ የመጣውንም ጨው የሚጭኑና የሚያራግፉ ሰዎች የወገብ ሕመም አይለያቸውም። ከእነዚህ መካከል ወደ እኔ የሚመጣው ሕመምተኛ ጀርባው ታሽቶ ከአልጋው ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚናገራት ቃል አንዲት ናት፤ «ደሜ ተለቀቀ» ይላል። ይህችን ቃል፣ ወጌሻ የነበሩት አጎቴ መዳፋቸውን ቅቤ አስነክተው ሰው ሲያሹ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማት ስለ ነበር፣ ፊዚዮቴራፒ ተምሬ በሙያው ከተሠማራሁ በኋላም ብዙ ዘመን ሳልመረምር ተቀብያት ኖርሁ።

መታሸት ደምን ይለቅቃል የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1874 ኦስቲዮፓቲ የተባለውን ጥበብ ባወጀ ጊዜ፣ የጤና መሠረቱ ደም እንበለ ዕንቅፋት መዘዋወሩ እንደ ሆነ፣ የተዛነፈ አጥንትም ጎዳናውን እንደሚያጠብበት አስተማረ፤ ከ21 ዓመት በኋላ ካይሮፕራክቲክ የተባለውን የዐከርካሪ ማስተካከል ጥበብ የመሠረተው ፓልመር ግን ነገሩን ከደም ወደ ነርቭ አዞረው። ስቲል ከአጎቴ ጋር ቢገናኝ ኖሮ፣ በአስተሻሸቱ ባይስማሙ እንኳ በነገሩ በተግባቡ ነበር።

እኔን ጥርጣሬ ላይ የጣሉኝ፣ በጥፍራቸው ሥር የኖራ ድንጋይ ዱቄት የማይጠፋ አንድ ጠራቢ አዛውንት ናቸው፤ አቦይ እላቸዋለሁ። ደም ብዛት ስላለባቸው፣ ጀርባቸውን ከማሸቴ በፊትና በኋላ ክንዳቸውን በመለኪያው ጠምጥሜ ብለካ ግፊቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስላገኘሁት፣ እርሳቸውም ሙቀት ወደ እግራቸው እንደ ወረደ ስለ ነገሩኝ፣ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ግን እጄን ሳላሳርፍባቸው በዚያው አልጋ ላይ ያንኑ ያህል ጊዜ በጸጥታ አስተኝቼ ብለካ፣ ግፊቱ እንደ ፊተኛው ዝቅ ብሎ ተገኘ። «ልጄ፣ ዛሬማ እጅህም አልነካኝ» ብለው ሳቁብኝ።

የአንድ ሰው ልኬት ምስክር እንደማይሆን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 በቺካጎ በ50 የደም ብዛት ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ የላይኛውን የአንገት አጥንት በማስተካከል ግፊቱ በብዙ እንደሚቀንስ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ያ መነሻ ሙከራ ነበር እንጂ ሰውን ኪኒኑን የሚያስጥል ማስረጃ አልነበረም።

ታዲያ አቦይ የነገሩኝ ሙቀት ከወዴት መጣ? አጥንት ስለ ተስተካከለ አይደለም፤ ጀርባ ሲገፋ ቋ የሚለው ድምፅ፣ አጥንት ወደ መካኑ ሲገባ የሚሰማ ሳይሆን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ አየር ሲፈጠር የሚሰማ ነው። እጅ ሲፈትገው ቆዳ ይሞቃል፤ ሕመም ሲበርድም ሕመምን ፈርቶ የተኮማተረው ጡንቻ ይላላል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሰውየው ተነሥቶ መራመዱ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የባት ጡንቻው እየተጨመቀ ደሙን ሽቅብ ወደ ልብ ይሰድዳል። ይህን የሚሠራው የእርሱ እግር ነው፤ የእኔ መዳፍ ግን እንዲነሣ ብቻ አገዘው።

አንገትን በተመለከተ ፍርሃት አለብኝ፤ አልደብቀውም። ሰባት የአንገት አጥንቶች ሲኖሩን፣ ሁለት ሥርወ ደሞች በግራና በቀኝ በላይኛዎቹ ስድስቱ ቀዳዳዎች እያለፉ ወጥተው፣ በመጀመሪያው አጥንት ላይ ተጠማዝዘው የራስ ቅል ውስጥ ከገቡ በኋላ አንድ ይሆናሉ። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ የሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ሊቀደድ፣ በዚያም የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ጉዳቱ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ በደረሰበት ሰው ላይ ግን ሽባነት ወይም ሞት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የማንንም አንገት በድንገት አልጠመዝዝም፤ አጎቴ ይህን ቢሰሙ ፈሪ ይሉኝ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

በአገራችን ከዚህም የሚብስ፣ የጀርባ ሕመም መስሎ የሚመጣ የዐከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) አለ፤ የበላውን አጥንት የገፋ እጅ ሕብለ ሰረሰሩን ሊጎዳው ይችላል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወገብህን እያመመህ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ከተጨመረብህ፣ ወይም እግርህ ከደነዘዘ፣ ወጌሻውንም እኔንም ትተህ አስቀድመህ እዚህ መቀሌ ወዳለው አይደር ሆስፒታል ሂድ።