ስለ ባለጠጋው ጎተራ፤ በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ላይ የተጻፈ ሐተታ

እርሻው እጅግ ስላፈራለት ባለጠጋ የተነገረውን ምሳሌ ብዙ ሰባክያን ሲተረጕሙ ነገሩን ሁሉ ወደ ሞት ይመልሱታል። በዚያች ሌሊት እንደሚሞት አላወቀምና ሰነፍ ተባለ ብለው ያበቃሉ። ይህ ትርጓሜ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ግን ነው። ሞቱንስ ቢያውቅ ለልጆቹ ያወርሰው ነበር እንጂ ለተራበው ጎረቤቱ ይከፍተው ነበርን? ጌታችን ምሳሌውን የተናገረው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ዳኝነት ለለመነ ሰው ነው፤ ነገሩ ከጥንቱ የማካፈል ነገር ነው። ደግሞም አንባቢ ሆይ፥ የባለጠጋውን ንግግር ተመልከት፤ ፍሬዬ፥ ጎተራዬ፥ ነፍሴ ይላል እንጂ ሌላ ሰው በአፉ አልተጠራም።

ቅዱስ ባስልዮስ ይህን ምሳሌ የተረጐመው በሌላ መንገድ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ368 እና በ369 በቀጰዶቅያ ዝናም ታጥቶ ጽኑ ረኀብ ሆነ። ቂሳርያ ከባሕር የራቀች ናትና በመርከብ እህል አይደርስላትም፤ እህል ያለውም ዋጋ እስኪወደድ ይጠብቅ ነበር። ባስልዮስ ያን ጊዜ ገና ቄስ ነው፤ ጳጳስ የሆነው በ370 ነው። የነዳያን ሆድ ከሁሉ የሚሻል ጎተራ እንደ ሆነ አስተማረ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ እንደ መሰከረለት፥ በቃሉ የባለጠጎችን ጎተራ አስከፍቶ፥ ወንድ ሴት፥ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ሰብስቦ፥ የጥራጥሬ ወጥ በታላላቅ ድስት እያስቀቀለ መገባቸው። እኛም ቅዳሴውን ከ14ቱ አንዱ አድርገን እናዜመዋለን፤ ስብከቱን በረኀብ ዘመን የሚያነብልን ግን ጥቂት ነው።

በአገራችን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በክፉ ቀን ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ የሚያርስ በሬ ሲታጣ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፍረዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ግን የወሎ ገበሬ እየረገፈ ሳለ እህል ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ይጫን ነበር። እህሉ ጨርሶ አልጠፋም፤ መግዣ ያጣው ሞተ። ይህን ሁሉ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብሎ ማለፍ ጎተራ የዘጋውን ሰው ከክስ ማውጣት ነው።

እህል ያከማቹ ሰዎች ሲወቀሱ፥ ዮሴፍም አከማችቶ ሸጧል ብለው ይመልሳሉ። ኦሪትን ግን እስከ ፍጻሜው አላነበቡም። ዮሴፍ ረኀቡ በጸና ጊዜ ጎተራውን ሁሉ ከፈተ፤ ምድራቸውን ለፈርዖን ከገዛ በኋላ እንኳ ዘር ሰጣቸው፥ ከፍሬውም ከአምስቱ እጅ አራቱን ለዘርና ለልጆቻቸው ምግብ ተወላቸው። በክረምት አንድ ቍና አበድሮ በመከር ሁለት የሚሰፍር ሰው በምኑ ዮሴፍን ይመስላል?