አመልና በሽታ፦ ከሚረርለስ ካሜራ ጋር መኖር

ሚረርለስ ካሜራ የያዘ ፎቶ አንሺ ወደ ጠጋኝ የሚሄድባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ካሜራው ጠፍቶ ሲነቀነቅ ውስጡ አንድ ነገር ይንኳኳል። የኋላው ስክሪን ድንገት ይጨልማል። በአዳራሽ መብራት በተነሣ ፎቶ ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ። ጥርት ባለው ሰማይ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ጠቃጠቆ ይታያል። ባትሪው ሙሽሮቹ ከአዳራሽ ሳይወጡ ያልቃል። ከአምስቱ አንዱም ብልሽት ላይሆን ይችላል። ለሰውም ለከብትም የምንናገራቸው ሁለት ቃላት እዚህ ይረዱናል፤ አመልና በሽታ። አመል ከአፈጣጠር ይመጣል፤ ያወቀው ሰው ይዞት ይኖራል። በሽታ ግን ካሜራው ከራሱ ከትናንት ሁኔታው መውጣቱ ነው፤ ካልታከመም ይብሳል። ክርክሬ ይህ ነው፦ ሁለቱን መለየት ለጠጋኙ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የፎቶ አንሺው ሙያ አካል ነው። መለየት የሚቻለውም ካሜራው እንዴት እንደተሠራ በመረዳት ነው።

መነሻው መስታወቱ ነው። በዲኤስኤልአር ካሜራ ከሌንሱ የሚገባው ብርሃን በተጋደመ መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይን ይሄዳል፤ ሴንሰሩ ከመስታወቱና ከተዘጋው ሸተር ጀርባ ተሸሽጎ ተራውን ይጠብቃል። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ሉሚክስ ጂ1ን ሲያወጣ መስታወቱ ቀረ፤ ሶኒ በ2013 በኤ7 ይህንኑ አሠራር 36 በ24 ሚሊሜትር ወደሚሰፋው ሴንሰር አመጣው፤ በ2018 ደግሞ ኒኮንና ካኖን ተከተሉ። መስታወቱ ሲወጣ ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት አጠረ፤ በኒኮን ከ46.5 ወደ 16 ሚሊሜትር፣ በካኖን ከ44 ወደ 20 ሚሊሜትር ወረደ። ለውጡ የቆዩ በሽታዎችን ፈውሷል። በዲኤስኤልአር ፎከስ የሚለካው ክፍል ከሴንሰሩ የተለየ ስለነበር፣ ጥቂት ሲዛነፍ ፎከሱ ከዓይኑ አልፎ ጆሮ ላይ ያርፍ ነበር፤ እያንዳንዱን ሌንስ ከካሜራው ጋር ማስማማት ያስፈልግ ነበር። አሁን የሚለካው ራሱ ሴንሰሩ ስለሆነ ያ ጣጣ ቀርቷል። መስታወቱን የሚያነሣው ሞተርና ሞላውም አብረው ቀርተዋል። ይሁን እንጂ ሴንሰሩ ከጓዳ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ካሜራው እስካልጠፋ ድረስም ሥራውን አያቋርጥም። የሚረርለስ ዋና ዋና አመሎች ከእነዚህ ከሁለቱ ይመነጫሉ፤ ከሴንሰሩ መጋለጥና ከሴንሰሩ አለማረፍ።

ከመጋለጡ የሚመጣውን አቧራን እናስቀድም። ደመራ በሚነድበት አደባባይ ወይም በበጋ በኮረኮንች መንገድ ዳር ሌንስ የቀየረ ሰው አቧራ ማስገባቱ አይቀርም። ብናኙ የሚያርፈው ከሴንሰሩ ፊት ባለው መስታወት ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ሴንሰሩ ወደ 2 ሚሊሜትር ርቀት አለ። ስለዚህ ፎቶው ላይ የሚታየው የብናኙ ጥላ ነው፤ የጥላው ድምቀት ደግሞ በአፐርቸሩ ይወሰናል። በኤፍ 16 እንደ ሾጣጣ እየጠበበ የሚወርደው ብርሃን በዚያ ርቀት ላይ ስፋቱ ከ0.1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ብናኝ ከግማሽ በላዩን ይጋርደዋል። በኤፍ 2 ግን ብርሃኑ ወደ 1 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ ያው ብናኝ የሚጋርደው ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ነው። ከዚህ ስሌት የሚወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። የሰው ፊት በኤፍ 2 የሚያነሣ ባለሙያ፣ በኤፍ 16 ብቻ ለሚታይ ነጥብ ብሎ ሴንሰር መፈግፈግ የለበትም። ነጥቡን መመርመር ሲያሻው በኤፍ 16 ነጭ ወረቀት ከፎከስ ውጭ አድርጎ ያንሣ፤ ሌንስ ቢቀየርም ነጥቡ ከቦታው ካልተነቃነቀ ያለው ሴንሰሩ ዘንድ ነው። ምስሉ ሴንሰሩ ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍም በፎቶው አናት የታየ ነጥብ የሚገኘው በሴንሰሩ ግርጌ ነው። ጽዳቱ ከቀላሉ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ካሜራው ራሱ ሴንሰሩን የሚያራግፍበት ትእዛዝ፣ ቀጥሎ ካሜራውን ወደ ታች ደፍቶ በእጅ በሚጨመቅ ጎማ አየር መንፋት፣ በመጨረሻ ለሴንሰር የተሠራ መጥረጊያ ከነፈሳሹ። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል፤ በቆርቆሮ የታመቀ አየርም ኬሚካል ሊተፋ ይችላል። አምራቾችም መጋለጡን አይተው መላ ፈልገዋል። ካኖን በ2018ቱ ኢኦኤስ አር ካሜራው ሲጠፋ ሸተሩ እንዲዘጋ አደረገ፤ ኒኮንም ዜድ9 ላይ መከለያ ጨመረ። እዚህም ቢሆን ማመዛዘን ያስፈልጋል፤ የሸተር ምላጭ እጅግ ስስ ስለሆነ፣ በጣት ጫፍ ከተጣመመ የሚያስከትለው ወጪ ከአቧራው ጽዳት ይበልጣል።

ባትሪውና ሙቀቱ ከሁለተኛው ምንጭ ይነሣሉ። በዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር ማየት ለባትሪው እዚህ ግባ የሚባል ወጪ አይደለም፤ ዓይን የሚያየው የተንጸባረቀ ብርሃን ነውና። በሚረርለስ ግን ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ቆሞ ሲጠብቅም ሴንሰሩ ያነባል፣ ፕሮሰሰሩ ያሰላል፣ ስክሪኑ ያበራል። በጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር መለኪያ ኒኮን ዲ850 በአንድ ባትሪ 1,840 ፎቶ ያነሣል። የመጀመሪያው ሶኒ ኤ7 340 ገደማ ነበር፤ ትልቅ ባትሪ የተሰጠው ኤ7 ማርክ 3 በስክሪን 710፣ በቪውፋይንደር 610 ያነሣል። በአንዱ ካሜራ፣ በአንዱ ባትሪ፣ የሚታይበት መስኮት ሲቀየር ቁጥሩ መቀየሩ ባትሪውን የሚጨርሰው ፎቶው ሳይሆን እይታው መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ባትሪ የሚቆጠረው በሰዓት እንጂ በፎቶ ብዛት አይደለም፤ ለስድስት ሰዓት ሰርግ የሚሰናዳ ሰው ስንት ሰዓት ካሜራው በርቶ እንደሚቆይ ያስላ፤ በመጠበቂያው ጊዜ ያጥፋው። ሙቀትም እንዲሁ ነው። ካኖን አር5 በ2020 ሲወጣ አምራቹ ራሱ ስምንት ኬ ቪዲዮ ለ20 ደቂቃ ያህል ከቀረጸ በኋላ በሙቀት ሊቆም እንደሚችል አስታውቆ ነበር። መቆሙ ራስን መከላከል ነው፤ መድኃኒቱ ጥላ፣ ከጀርባው ተከፍቶ የወጣ ስክሪንና ማሳረፍ ነው። በሽታ የሚሆነው ያው ባትሪ በያው ሥራ በግማሽ ጊዜ ሲያልቅ፣ ወይም አብጦ ከቤቱ አልወጣ ሲል ነው።

የአዳራሹ ጥቁር መስመሮችም እንዲሁ በስሌት ይፈታሉ። ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሸተር ሴንሰሩን ረድፍ በረድፍ ያነባል። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ዙር ስለሚዞር ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ሴንሰሩን አንብቦ ለመጨረስ 1/20 ሰከንድ የሚወስድ ካሜራ በዚያች ጊዜ 5 መደብዘዝ ያገኘዋል፤ ፎቶውም 5 መስመር ይዞ ይወጣል። በ1/50 ወይም በ1/100 ሰከንድ ሲነሣ ግን እያንዳንዱ ረድፍ ሙሉ ዙር ስለሚያይ መስመሩ ይጠፋል። በዋሽንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ የአበሻ ሰርግ የሚያነሣ ባለሙያ ኃይሉ 60 ዙር ስለሆነ 1/60 ወይም 1/125 ይመርጣል። ብርሃናቸው በተቀነሰ አንዳንድ ኤልኢዲ መብራቶች ዘንድ ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ያኔ ሜካኒካል ሸተር ሴንሰሩን በፍጥነት ስለሚያቋርጥ ይሻላል። ሌሎቹን አመሎች በአጭሩ እንለፋቸው። ሲነቀነቅ የሚንኳኳው በማግኔት ተንሳፎ ንዝረትን የሚያረጋጋው ሴንሰር ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ የሚይዘው የለም። የጨለመው ስክሪን ብዙ ጊዜ ዓይን መቅረቡን የምታውቀው ትንሽ መስኮት በማንጠልጠያ ወይም በላብ ስለተሸፈነች ነው። በአዳፕተር የገባ የጥንት ሌንስ አላነሣም ካለም ካሜራው ሌንስ የለም ብሎ አምኗል፤ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ የሚፈቅደውን ምርጫ ከሜኑው ማብራት ይበቃል።

በሽታውስ? የሸተር መድከም በምልክት ይመጣል፤ ድምፁ ይለወጣል፣ በፈጣን ሸተር የፎቶው አንድ ጎን ይጨልማል። ለኤ7 ማርክ 3 የተነገረው 200,000 ምት የግምት ልክ ነው፤ የሞት ቀን ቆርጦ አይናገርም። ሌዘር ሌላው ነው። የተጋለጠውና የማያርፈው ሴንሰር በአዳራሽ የሚወረወር ሌዘር በቀጥታ ሲያገኘው ነጥቦቹ ይቃጠላሉ፤ ይህን የሚመልስ ጽዳት የለም። የቪውፋይንደሩ መስታወት ወደ ፀሐይ ከዞረም ብርሃኑን ሰብስቦ የውስጧን ትንሽ ስክሪን ያቃጥላታል። የጥምቀት ጠበል የገባበት ካሜራ ወዲያው ጠፍቶ ባትሪውና ካርዱ ሊወጡ ይገባል፤ ብረቱን ፈጥኖ የሚበላው ውኃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው። በጂዳ ወይም በዱባይ ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ወበቁ የሚወጣ ካሜራ በተዘጋ ቦርሳው ውስጥ ይሙቅ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዛል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። ከዚህ ካለፈ ግን ወደ ባለሙያ መሄድ ይሻላል። የጃፓን ካሜራ መስቀለኛ ብሎን የራሱ ደረጃ አለው፤ በተለመደው ካቻቢቴ ሲፈታ አናቱ ይላጣል። በአንዳንድ ካሜራዎች ሴንሰሩ በስስ ብረት ማስተካከያዎች ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ በቦታው ካልተመለሰ ሴንሰሩ ያዘነብላል፣ የፎቶውም አንድ ጎን ይደበዝዛል። አውቶፎከስ ሊያካክስ የሚችለው ሴንሰሩ በእኩል የራቀ ወይም የቀረበ እንደሆነ ነው፤ ዝንባሌን ማካካስ አይችልም።

ለዚህ ክርክር ተቃውሞ አይጠፋም። አንዱ «የፎቶ አንሺ ሙያ ዓይኑ ነው፤ ስለ ሴንሰር ርቀት ማወቅ የመሐንዲስ ነው» ይላል። ዓይን ይቀድማል በሚለው እስማማለሁ። ነገር ግን ከላይ ያየናቸው አመሎች በቀጥታ ፎቶው ላይ ይወርዳሉ። የአዳራሹን መስመር ምክንያት የማያውቅ ሰው ቬሎውን በመስመር አበላሽቶ ያስረክባል፤ ሰርግ ደግሞ አይደገምም። ክራር ደርዳሪ ክሩን መቃኘት ለሌላ ሰው እንደማይተወው ሁሉ ፎቶ አንሺም የመሣሪያውን ጠባይ ለሌላ ሊተው አይችልም። ሌላው «እንግዲያው ወደ ዲኤስኤልአር እንመለስ» ይላል። ዲኤስኤልአር ለባትሪና ለአቧራ የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ በእጁ ያለው ሰው ሊጥለው አይገባም። ግን የፎከስ መዛነፍና የመስታወቱ ሞተር የእርሱ አመሎች ነበሩ፤ ስለለመድናቸው ረሳናቸው እንጂ።

ከባዱ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፦ «ይህ ዕቃ ኮምፒውተር ነው፤ ሲበላሽ አይጠገንም፣ ይጣላል።» ቦርዱ ከተቃጠለ ጠጋኙ ቦርዱን ከመቀየር ሌላ አማራጭ እንደሚያጣ አልክድም። መለዋወጫ የማግኘቱ ችግርም እውነተኛ ነው፤ ኒኮን በአሜሪካ በ2012 ለግል ጠጋኞች መለዋወጫ መሸጥ አቁሟል፣ በ2020 ደግሞ ፈቃድ ሰጥቷቸው የነበሩትን የግል ጥገና ቤቶች አሰናብቷል። ሕግ ግን በተቃራኒው መንገድ እየሄደ ነው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ ዋጋቸው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አምራቹ መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና መመሪያ ቢያንስ ለ7 ዓመት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ኮምፒውተር መሆኑም በራሱ ለጥገና በር ይከፍታል፤ ኒኮን በሚያዝያ 2022 ለዜድ9 ያወጣው የፈርምዌር ማሻሻያ ብሎን ሳይፈታ ለገዢዎች አዲስ አቅም ጨምሯል። ማሻሻያ ሲጫን ባትሪው የሞላ ይሁን፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ካሜራው ላይነሣ ይችላል። ደግሞም ካሜራ ገዝቶ ለመተካት የውጭ ምንዛሪና ቀረጥ በሚከብድበት አገር «ይጣል» የሚለው ምክር ለብዙኃኑ ባለሙያ አይሠራም። አንድ ካሜራ አምስት ዓመት የሚያገለግለው ባለቤቱ አመሉን ከበሽታው ሲለይ ነው፤ ለአመሉ ገንዘብ አያወጣም፣ ለበሽታው አይዘገይም።

ስለዚህ ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አጭር ነው። እያንዳንዱ ካሜራችሁ አንድ ደብተር ይኑረው፤ በአንድ ገጽ አመሉን፣ በሌላው በሽታውን ከነቀኑ፣ ከነምልክቱና ከተደረገለት ጥገና ጋር ጻፉ። ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱ ሁለተኛውን ገጽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወድቆ ወይም ውኃ ገብቶበት ከሆነም አትደብቁት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ካሜራውን ለሌላ ስትሸጡ ደብተሩን አብራችሁ ስጡ። ረዳት የምታሠለጥኑ ደግሞ ፎቶ ከማስነሣታችሁ በፊት ሌንስ መቀየርን፣ ባትሪ በሰዓት ማስላትንና በ1/50 እና በ1/100 መካከል መምረጥን አስተምሩት። ይህን የተማረ ረዳት የራሱን ካሜራ ሲገዛ የሚያስጠግነው የተበላሸውን ብቻ ይሆናል።