በኪስ የሚያዝ ጌም ቤት

ጌም ቤት ውስጥ ወረፋ ጠብቀን ላደግን የልደታ ልጆች፣ ሰው በገዛ እጁ የኪስ ጌም ሲሠራ ማየት ያስቀናል። አንጎሉ ራስበሪ ፓይ ዜሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በ5 ዶላር የወጣ፣ 65 በ30 ሚሊሜትር የሆነ ኮምፒውተር። ስክሪንና ባትሪ ይገጠምለታል፤ ሬትሮፓይ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በሚሞሪ ካርድ ይጫንበታል። የ1989ኙ ጌምቦይ አራት ድንጋይ ባትሪ ይበላ ነበር፤ ስክሪኑም የራሱ መብራት አልነበረውም። ይኼኛው በስልክ ቻርጀር ይሞላል።

የባለሙያው እጅ የሚታየው ግን በቁልፎቹ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው ጎማ ጥቁር የካርቦን ነጥብ አለው፤ ሲጫኑት የሰሌዳውን ሁለት መስመሮች ያገናኛል። ጎማው ከላላ ማሪዮ ሳይዘል ጉድጓድ ይገባል፤ ከጠነከረ አውራ ጣት ይዝላል። ጎበዝ ሠሪ የተጣለ ጆይስቲክ ፈትቶ፣ ጎማውን አጽድቶ፣ ልኩ እስኪመጣ ይሞክራል። (ባትሪ ላይ ግን በአሮጌ አይቆጠብም፤ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ሊቃጠል ይችላል።)

እንዲህ ያሉ ሠሪዎች ባይኖሩ የድሮው ጌም ለእኔ በስልክ መስታወት ላይ ብቻ ይቀር ነበር። መስታወት ደግሞ አውራ ጣት የት እንዳረፈ አይናገርም፤ በዚያ ላይ ማሪዮ መጫወት ለእኔ ጨዋታ አይባልም።