«ሲፈላ» እና «ሳይፈላ»

ቁም ጸሓፊዎች በብራና ላይ የሳቱትን ፊደል በካራ ፍቀው፣ የዘለሉትንም ቃል በመሥመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ አግብተው ያርሙ ስለ ነበር፣ ለአንዱ መጽሐፍ አንድ እርማት ይበቃው ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በማሰናዳት የምተዳደር እኔ ግን፣ በጠረጴዛዬ ላይ ያረምሁት ግድፈት በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ ሳይታረም እንደሚኖር የተማርሁት በአንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው።

ስለ አይብ በሚናገረው ምዕራፍ «አሬራው ሳይፈላ ይውረድ» የሚለው በእኔ እጅ «ሲፈላ ይውረድ» ሆኖ ወጣ። አሬራ በመጠነኛ እሳት ቀስ ብሎ ይረጋል እንጂ እንዲንተከተክ አይወደድምና፣ እንደ ቃሉ ያደረገች ሴት የምታገኘው የደረቀና ጎማ የመሰለ አይብ ነው። (እናቴ ብታነበው ኖሮ የምትታዘበው መጽሐፉን ሳይሆን እኔን ነበር።)

ኢፐብ በሚባለው የመጽሐፍ ዐይነት ውስጥ አንባቢ የማያየው ሰነድ አለ፤ በእርሱም ላይ የመጽሐፉ መለያና መጨረሻ የታደሰበት ቀን ይጻፋሉ። መለያው የተለወጠ እንደ ሆነ መጽሐፉ እንደ ሌላ መጽሐፍ ሊቈጠር ስለሚችል፣ እርሱን ሳልነካ ቀኑን ብቻ ለውጬ የታረመውን ለመደብሩ ላክሁ፤ ነገር ግን እርማቱን ያገኙት ከዚያ ወዲያ የገዙት ብቻ ሆኑና፣ አስቀድመው ያመኑኝ ከስሕተቱ ጋር ቀሩ። ግዢው በመዝገብ ላይ ስለሚቆይ፣ የወረደውን ቅጂ አጥፍቶ ያለ ክፍያ እንደ ገና ማውረድ ይበቃቸው ነበር፤ መታረሙን ግን የነገራቸው የለም።

ኪንድል በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መጽሐፍ በራሱ እንዲታደስ የሚፈቀድበት ምርጫ አለና፣ እኔም ቀድሞ ይህ ለሁሉ ግዴታ ቢሆን እወድ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግን የሮአልድ ዳልን የልጆች መጻሕፍት በኤሌክትሮኒክ የገዙ አንባብያን፣ አሳታሚው የለወጠው ቃል ሳይጠየቁ በቀድሞው ቦታ ገብቶ እንዳገኙት በጋዜጣ ሲነገር ሐሳቤን ለወጥሁ፤ የተፋቀ ብራና እንኳ ሻካራነቱ በጣት ይታወቃልና። አሁን በመጽሐፉ መግቢያ የታረመውን ቃል ከነምዕራፉና ከነቀኑ የሚገልጥ ገጽ አኖራለሁ፤ በዚያም ገጽ ላይ የመጀመሪያው መሥመር እንዲህ ይላል፦ በስሕተት «ሲፈላ» ተብሎ የተጻፈው «ሳይፈላ» ተብሎ ይነበብ።