ደረቅ ጉንጉን በረጃፍ አየር

ቅጠል፣ የሣር ዛላና የዘር ቆብ በቀለበት ዙሪያ ተጎንጉነው የሚሠራ ደረቅ ጉንጉን ከቤት ውጭ ሲሰቀል ዕድሜውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው በላዩ የሚቀባው ቫርኒሽ ሳይሆን ከቅቡ በፊት የተከናወነው የማድረቅ ሥራ ነው። ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከጁባ በስተደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው ረጃፍ ዝናቡ በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅና በየካቲት የቀትር ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚደርስ፣ አንዱ ጉንጉን በአንድ ዓመት ውስጥ ውሃንም ቃጠሎንም መቋቋም ይኖርበታል። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን የምታከብርበት ሐምሌ 2 ቀንም ሆነ የትግሏ መሪ የነበሩት ዶክተር ጆን ጋራንግ እ.ኤ.አ. በ2005 ያረፉበትና ሰማዕታት የሚታሰቡበት ሐምሌ 23 ቀን በዝናቡ ወራት ላይ ስለሚውሉ፣ ለመታሰቢያ የሚሠራ ጉንጉን ገና ከመነሻው እርጥበትን ታሳቢ አድርጎ መዘጋጀት አለበት።

የደረቀ ተክል ሞቷል ተብሎ ቢታሰብም ከአየር ጋር ያለው ግንኙነት አልተቋረጠም፤ አየሩ ሲረጥብ እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ሲደርቅ ያንኑ መልሶ ይኮማተራል። በላዩ ያለው ቅብ ግን እኩል አይለጠጥም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው የዝናብ ውሃም መውጫ አጥቶ ከውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። በሚገባ ባልደረቀ አገዳ ላይ ቫርኒሽ መቀባት ጉዳቱን የሚያፋጥነው በዚሁ ምክንያት ነው። አገዳው ጨለማና ነፋሻ በሆነ ቦታ ተዘቅዝቆ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ለቅብ አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው። ውሃ በብዛት የሚገባው በቅጠሉ ገጽ ሳይሆን በተቆረጠው የአገዳ ጫፍ ነው፤ በአገዳው ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቱቦዎች ተክሉ በሕይወት ሳለ ውሃ ወደ ላይ ይስቡ እንደነበር ሁሉ ከደረቀም በኋላ ይስባሉና። ስለዚህ እያንዳንዱ ጫፍ ከመጎንጎኑ በፊት በቀጠነ ቫርኒሽ መነከር አለበት። ከተጎነጎነ በኋላ ቅቡ አንድ ጊዜ ወፍሮ ከሚቀባ ይልቅ ስስ ሆኖ ደጋግሞ ቢረጭ ይሻላል፤ ጀርባውም አይዘነጋ። አየሩ በረጠበበት ቀን የተረጨ ቅብ ነጭ ጭጋግ ስለሚለብስ ሥራው በደረቁ ወራት ይከናወን። ለፀጉር የሚረጨው ስፕሬይ ለዚህ አይሆንም፤ ዝናብ ያጥበዋል። ለጀልባ የሚዘጋጀው ቫርኒሽ የሚመረጠው ደግሞ አልትራቫዮሌት የተባለውን ለዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር የሚከለክል ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ ተራው ቫርኒሽ ጨረሩን ስለሚያሳልፍ የተክሉን ጭረቶች የሚያያይዘው ሊግኒን ከሥሩ ፈርሶ ቅቡ ይላጣል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታወቀው የተልባ ዘይት ቀስ ብሎ ቢደርቅም በእርጥብ አየር ሻጋታ ይስባል፤ የተነከረበት ጨርቅም ተጨብጦ ከተጣለ ራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ አለበት። በግሊሰሪን የለሰለሰ ቅጠል ለቤት ውስጥ ድንቅ ነው፤ ደጅ ሲወጣ ግን ግሊሰሪኑ ከአየር እርጥበት ስቦ ቅጠሉን ያላብሰዋል።

ሁሉም ተክል እኩል አይጸናም። የአደይ አበባ ስስ ቅጠሎች በቅብ አይድኑም፤ ለሆሳዕና በግንባር ላይ የሚታሰረው ሰሌን፣ እንዲሁም ለመሶብና ለሰፌድ የሚሰፉት አክርማና ሰንደዶ ግን ገጻቸው ጠንካራ በመሆኑ ያለ ብዙ ጥበቃ ይቆያሉ። ስለዚህ ቀለበቱን ከእነዚህ ወይም ከቀርከሃ ስንጣቂ መሥራትና ማሰሪያውን ዝገት ከማይነካው ሽቦ ማድረግ ከማንኛውም ቅብ የሚበልጥ ጥበቃ ነው።

ጉንጉኑ ሲሰቀል በቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ይሁን፤ ከግድግዳው ጥቂት ርቆ ከሆነ ነፋስ ከጀርባው ያልፋል፣ በግድግዳው ላይ የሚወጣው ምስጥም በቀላሉ አያገኘውም። ዝናቡ ሲያበቃ ወርዶ ጀርባው ይመርመር፤ የሻገተው ቅጠል ተነቅሎ በአዲስ ይተካ፣ የላላው ማሰሪያ ይጥበቅ፣ ቀለበቱም ጤነኛ ከሆነ በደረቁ ወራት እንደገና ይቀባ።